ስለ አሮጌው የድምፅ መቅረጫ መኪና
(በራዲዮ ከተነገረው)



የዛሬው ንግግሬ በቤቱ ድምፅ ለመቅረጽ የሚሻ ሰው በአሮጌው የቴፕ መቅረጫ መኪና እንዴት ሊጠቀም እንደሚችል የሚመለከት ነው። በኪስ የሚያዝ ስልክ እንኳ ድምፅን በሚገባ በሚቀርጽበት ዘመን ስለ ክርና ስለ መዘውር መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ከመኪናው አሠራር እንፈልገው።

ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1935 በበርሊን የራዲዮ ትርዒት ላይ ማግኔቶፎን በሚል ስም ለሕዝብ ታየ። የሚሽከረከረው ክር የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ሲሆን፣ በዋና ዋናዎቹ መኪናዎች ላይ ሄድ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ፊት ያልፋል። የመጀመሪያው የቀድሞውን ድምፅ ይደመስሳል፤ ሁለተኛው አዲሱን ይጽፋል፤ ሦስተኛው የተጻፈውን ያነብባል።

ይህን መሣሪያ በቤት ውስጥ በመጠቀም ስመ ጥር የሆነው አሜሪካዊው የጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ነው። በ1949 ከዘፋኙ ከቢንግ ክሮዝቢ የአምፔክስ መኪና በስጦታ ባገኘ ጊዜ አንድ ሄድ ጨመረበትና፣ የቀድሞውን ድምፅ እየሰማ አዲሱን በላዩ ይደርብ ጀመር። ነገር ግን አዲሱ በተቀረጸ ቁጥር የቀድሞው ይጠፋ ስለ ነበረ፣ በመጨረሻው ድርብ ላይ አንድ ስሕተት ቢገኝ የድካሙ ሁሉ ፍሬ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ ክሩ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከመቅረጽ በፊት መዘጋጀትን። ባለ ትልቁ መዘውር 762 ሜትር ክር በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ የሚበቃው ለ33 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተናጋሪውም ሙዚቀኛውም ጊዜውን ይቆጥባል።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል ያስታውስ። ሄዶቹንና ክሩ የሚነካቸውን ብረቶች በንጹሕ አልኮል ይጥረግ፤ በሄዶቹ ላይ የሚጠራቀመውንም መግነጢስ በየጊዜው ያስወግድ። ይህ ቢታለፍ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ሹክሹክታም ይገባበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ ክር ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት ክሮች አንዳንዶቹ ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ስለሚስብ፣ ሲጫወቱ እየተጣበቁ ይላጣሉ፤ የተላጠው ድምፅም አይመለስም። ስለዚህ የአባትን ምክር ወይም የእናትን እንጉርጉሮ የያዘ ክር ያለው ሰው፣ መኪናውን ለመፈተን ብሎ እርሱን አያስገባ። መጀመሪያ ዋጋ በሌለው ክር ይሞክር፤ የሚጣበቅ ክር ቢያጋጥመው ወዲያው አቁሞ ለባለሙያ ይስጥ። ባለሙያው በ50 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለብዙ ሰዓት በጥንቃቄ ካደረቀው በኋላ፣ ለጥቂት ጊዜ ሊነበብ ስለሚችል፣ በዚያው ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ።

በአሮጌው መኪና መቅረጽ መልካም ነው፤ የቀረጹትን ለእርሱ ብቻ አደራ ማስቀመጥ ግን አይገባም። ድምፁን ክሩ ይቅረጸው፤ ግልባጩን ደግሞ አዲሱ መሣሪያ ይጠብቀው።