በራስ ግቢ፣ በካውንስል ፈቃድ

አቅራቢው፦ እንግሊዝ አገር ቤት የገዙ ወገኖቻችን ጓሯቸው ያለውን ዛፍ ሊቆርጡ ሲነሱ፣ «በገዛ ግቢዬ ማን ይከለክለኛል?» ይላሉ።

አቅራቢዋ፦ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ ነዋ! የጥበቃ ትእዛዝ የወጣለትን ዛፍ፣ ካልደረቀ ወይም አደጋ ካላንዣበበ በቀር፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርንጫፉን መከርከም እንኳ ወንጀል ነው። ዛፉን ያጠፋ ሰው ደግሞ መቀጮው ጣሪያ የለውም።

አቅራቢው፦ ትእዛዝ ባይኖርስ?

አቅራቢዋ፦ ሰፈሩ በቅርስነት የተከለለ ከሆነ ከ6 ሳምንት በፊት ማሳወቅ ግድ ነው። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን ለካው። ውፍረቱ ከጎን እስከ ጎን ከ7.5 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሕጉ ይመለከተዋል። የቡና ሲኒ አፍ ያህል ማለት እኮ ነው! ብዙ ሰው የሚጠበቀው ግዙፉ ዛፍ ብቻ ይመስለዋል።

አቅራቢው፦ የጎረቤት ቅርንጫፍ ወደኔ ሲያዘነብልስ?

አቅራቢዋ፦ እስከ ወሰንህ መቁረጥ ትችላለህ፤ የቆረጥከው ግን የባለዛፉ ንብረት ነው። ጥበቃ ካለበት ለዚህም ፈቃድ ያስፈልግሃል።

አቅራቢው፦ እኔን የሚከነክነኝ በር አንኳኩተው «ዛፍህን በርካሽ እንቁረጥልህ» የሚሉት ናቸው። ፈቃድ አለ ወይ ብለው አይጠይቁም፤ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሲሄዱ ጣጣው ለባለቤቱ ይቀራል።

አቅራቢዋ፦ የጥበቃ ትእዛዝ ላለበት ዛፍ ማመልከቻው እኮ በነጻ ነው! በ8 ሳምንት መልስ ካልመጣ ይግባኝ ይባላል። ልጆች፣ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናት አባቶቻችሁ ፎርሙን እባካችሁ ሙሉላቸው።