መስመር ወዳልደረሰበት ቤት ፋይበር ስለ ማስገባት



የዛሬው ንግግራችን የኢንተርኔት መስመር ጨርሶ ባልተዘረጋበት ሰፈር የሚኖር ቤተ ሰብ ፋይበር የሚባለውን የመስታወት ክር እስከ ቤቱ ድረስ ሊያስገባ የሚችለው በምን መንገድ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነው። ይኽን ነገር እንደ ቅንጦት የሚቈጥረው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2020 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ፣ መስመር የገባለት ቤት ልጅ ከመምህሩ ጋር እየተገናኘ ሲማር፣ መስመር የሌለው ቤት ልጅ ግን ደብተሩን አጥፎ ለመቀመጥ ተገድዶ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የዕውቀትና የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

በቅድሚያ ስለ ክሩ ጥቂት እንናገር። የቀድሞው የስልክ መስመር የመዳብ ሽቦ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው መልእክት መንገዱ በረዘመ ቍጥር እየደከመ ይሄዳል። ፋይበር ግን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል የሆነ የጠራ መስታወት ሲሆን፣ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ እጅግ ሩቅ መልእክት ሊያደርስ እንደሚችል በ1966 በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ካኦ ከባልደረባቸው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር አስረዱ። ካኦም ስለዚሁ ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውዱ ነገር ክሩ ነው ብሎ በማሰቡ ነው። ወጪውን የሚያከብደው ቍፋሮው ነው። አስፋልት ለመስበር፣ ቱቦ ለመቅበር፣ መልሶ ለመድፈን፣ ይኽም ሁሉ ከመሆኑ በፊት የባለመሬቱን ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያልቃል። በብሪታንያ በ2020 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ተገቢ ፍጥነት ያለው መስመር ያላገኘ ቤት እንዲዘረጋለት ለመጠየቅ መብት አለው፤ ሆኖም ወጪው ለአንድ ቤት ከ3,400 ፓውንድ ሲበልጥ ትርፉን የሚከፍለው ጠያቂው ራሱ ነው። ከመንደር ተለይቶ ለብቻው ለሚገኝ ቤት ይኽ ትርፍ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መልሱን በዚያው አገር በሰሜን በኩል፣ በላንካሸር አውራጃ በሉን ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩት ገበሬዎች በተግባር አሳይተዋል። ቤቶቻቸው ተራርቀው የተሠሩ ስለ ሆነ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ወደዚያ መስመር መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ትተዋቸው ነበር። በ2011 የ8 አጥቢያ ሰዎች ተሰብስበው በራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ በአኅጽሮት ቢፎርአርኤን ተብሎ ይጻፋል፤ ሲጠራ ግን «ባርን» ይባላል፤ ትርጓሜውም ጎተራ ማለት ነው። አክሲዮኑ በአንድ አንድ ፓውንድ ሒሳብ ሆኖ፣ አንድ ሰው ቢያንስ የ100 ፓውንድ እንዲገዛ ተደረገ። ባለመሬቶቹ ቱቦው በእርሻቸው ውስጥ እንዲያልፍ ያለ ክፍያ ፈቀዱ። ስለዚህ አስፋልት በመስበር ፈንታ ለስላሳውን የእርሻ አፈር መቈፈር ተቻለ። ገበሬው በገዛ ትራክተሩ ቦዩን ቀደደ፤ ጎረቤቱም ቱቦውን ዘረጋ፤ ክሩን በተጨመቀ አየር ኃይል በቱቦው ውስጥ ማሳለፍንና ጫፍ ለጫፍ በሙቀት ማያያዝን ተማሩ። በ2012 ሥራው ተጀመረ። መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተጠየቀው ዋጋ ለማስገቢያ 150 ፓውንድ፣ በየወሩም 30 ፓውንድ ነበር። ዛሬ ማኅበሩ ከ10,000 የሚበልጡ ደንበኞችን ያገለግላል።

ደቦንና ጅጊን ለሚያውቅ ለእኛ ሕዝብ ይኽ አሠራር እንግዳ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለአንድ ቤት የማይቻለው ቦይ ለሃያ ቤት ሲከፋፈል ይቀላል። ሆኖም በአንድነት መቈፈር ብቻውን አይበቃም። አንድ ባለመሬት ፈቃድ ቢነፍግ መንገዱ ሁሉ ይዞራል፤ መስመሩም ከተዘረጋ በኋላ የሚጠግነው ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል።

ስለዚህ መስመር ያልደረሰበት አንባቢ የሚከተሉትን ነገሮች ቢያስብባቸው ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ለብቻ ከማመልከት ይልቅ መስመሩን የሚፈልጉትን ጎረቤቶች ስም መዝግቦ በአንድነት ማመልከት ይሻላል። ለአንድ ቤት የማያዋጣው መንገድ ለብዙ ቤት ሊያዋጣ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ቱቦው የሚያልፍበትን መሬት ለይቶ የባለመሬቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ነው። በቃል የተሰጠ ፈቃድ መሬቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ያከራክራል።

ሦስተኛ፣ የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ሲል፣ ወይም ለውኃ ቧንቧ ቦይ ሲቈፈር፣ የሚመለከተውን ክፍል አስፈቅዶ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበር ነው። በቱቦውም ውስጥ መጎተቻ ገመድ ቢተውለት፣ በኋላ ክሩ ሲመጣ የተነጠፈውን ድንጋይ መንቀል አያስፈልግም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም መሠረት ሲያወጣ እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው።

አራተኛ፣ በቤት ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሣጥን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ ሶኬት ባለበት ደረቅ ሥፍራ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ እንደሚጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ክሩ አጥብቆ ከታጠፈ ብርሃኑ ስለሚያመልጥ አይታጠፍ፤ የተቈረጠውንም ጫፍ ወደ ዓይን አቅርቦ መመልከት አደገኛ ስለ ሆነ ልጆች እንዳይነኩት ይሁን።

የሉን ሸለቆ ሰዎች መስመሩን ያገኙት ሀብታቸው ከሌላው ስለ በለጠ አይደለም። በአጥር የተለያየውን መሬታቸውን ለአንድ ቦይ ለመክፈት ስለ ተስማሙ ነው። ክሩን ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ስምምነቱን ግን ከጎረቤት በቀር የሚሠራው የለም።