ዝምታን ድንቁርና አንበለው

ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጎዳና፣ በጌዶና በባኮ መካከል በምትገኘው በእጃጂ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት ቤት የሚገሰግሰው ሕፃን፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ፣ ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል፤ አምና እጁን አውጥቶ ይመልስ የነበረው ደቀ መዝሙር ዘንድሮ አንገቱን ይደፋል። በቤቱ አማርኛ የሚናገረው ጎረቤቱ ደግሞ ይህን የልሳን ባይተዋርነት ገና ከአንደኛ ክፍል ቀምሶታል።

ልሳን መብዛቱ ግን በራሱ መርገም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ግዕዝን በቤተ ክርስቲያን ተምሮ፣ በአምቦ ትምህርት ቤት አልፎ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተውኔትን ለመድረስ በቅቷል። በዚያው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በየኔታ ጉባኤ፣ ፊደል የሚቆጥረውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ በየአቅሙ ይጓዛል፤ የቀደመውም የተከተለውን ያስቀጽላል። እነሆ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ሥርዓት ሊወርሰው የሚገባው ብዙ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ አዲሱን ነገር አስቀድማችሁ ተማሪው በሚያውቀው ልሳን ግለጡለት፤ የእንግሊዝኛውን ስያሜ ከዚያ አስከትሉለት፤ የገባውንም ካልገባው ጎን አስቀምጡት።