ጥርስ ዝም ሲል
ጥርስ ሲያመን ብዙዎቻችን ቅርንፉድ እንነክሳለን። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ የተቦረቦረውን ጥርስ ግን አያድንም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥማ ሥጋውን ያቃጥላል፤ እባካችሁ ተዉት።

ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታችሁ ሕመሙ ቶሎ ካልለቀቃችሁ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በጊዜው ከተደረሰበት ጥርሱን ሳይነቅሉ ማትረፍ ይቻላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሲጠዘጥዝ የሰነበተ ጥርስ በድንገት ዝም ሲል ነው። «ተሻለኝ» ተብሎ ይተዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ ሞቶ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ከሥር ወደ መንጋጋ አጥንት መሄዱን ይቀጥላል።

ፊት ካበጠና ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።