ያደረ እንግዳ

 

በምንኖርባት በጀርመኗ ፍራንክፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ1670 ፊሊፕ ያኮብ ሽፔነር የተባሉ የሉተራን ቄስ ጥቂት ምእመናንን ቤታቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ሕዝቡ እሑድ ስብከት ይሰማል፣ ይቆርባል፤ ሰኞ ግን ያው ነው። ይህ ከነከናቸው። በ1675 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክርስትና እውቀት ብቻ ሳይሆን መንፈስ ቅዱስ በውስጣችን የሚሠራው አዲስ ሰው መሆኑን አስረዱ።

መንፈስ ቅዱስ በውስጣችን ያድራል እንላለን፤ እኔ ይህን «ማደር» የሚለውን ቃላችንን እወደዋለሁ። ጠያቂ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ለእሱ ሳሎኑን አስተካክለን እንጠብቃለን። ያደረ እንግዳ ግን ጓዳችንንም ያያል፣ ከባለቤታችን ጋር ስንኮራረፍም ይሰማል። መንፈስ ቅዱስ የሚያድረው እዚያ፣ ካልተጠረገው ጓዳ ነው።