ባልና ሚስት፦ አንዱ ለሌላው የጤና ጠባቂ



«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ጥንዶች አብረው በኖሩ ቁጥር የሚመሳሰሉት በጠባይ ብቻ ሳይሆን በጤናም ጭምር ነው። የሚቆርሱት ከአንድ ሌማት ስለሆነ ጨውና ቅባት የበዛበት ወጥ ሁለቱንም ይጎዳል። አንዱ ሲጋራ ሲያጨስ ሌላው ጭሱን ይተነፍሳል። በአንጻሩ አንዱ መጠጥ ሲተው ወይም በእግሩ መጓዝ ሲጀምር ሌላውም እሱን ለመከተል ይቀለዋል።

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ይህ ትስስር የበለጠ ኃላፊነት አስከትሏል። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ እስከ 14 ቀን በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በታክሲ፣ በገበያ ወይም በለቅሶ ቤት ያለ ጭምብል የዋለ ባል የሚያጋልጠው ራሱን ብቻ ሳይሆን ማታ አጠገቡ የምትተኛውን ባለቤቱንም ነው። ከደጅ ሲገባ «እጅህን በሳሙና ታጠብ» ብትለው እንደ ጭቅጭቅ ሊቆጥረው አይገባም። ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጥቦ ቢቀመጥ ለሁለቱም ይበጃል።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሽታው ሊጸናባቸው ይችላል። ሆኖም አንዳንዶች ወረርሽኙን በመፍራት የሕክምና ክትትላቸውን ያቋርጡ ነበር። የደም ግፊት የሕመም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳልና «ደኅና ነኝ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የቀጠሮውን ቀን ማስታወስ፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ እንዲተካ ማድረግ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችን ሚስት እስከ ጤና ጣቢያ መሸኘት የትዳር ጓደኛ ድርሻ ነው።

ከሁለቱ አንዱ በቫይረሱ ተይዞ በቤቱ እንዲያገግም ከተነገረው በተለየ ክፍል ይቆይ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ መኝታ ይለይ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሁለቱም ጭምብል ያድርጉ፤ ሕመምተኛው የተጠቀመባቸው ዕቃዎች በሳሙና ይታጠቡ። መኝታ መለየት ፍቅርን መለየት አይደለም፤ ርቀትን ጠብቆ ማነጋገርና ማጽናናት ይቻላል።

በአብዛኛው ቤታችን አስታማሚዋ ሚስት ናት። ቤተሰቡ እንዳይጨነቅ ስትል የራሷን ትኩሳትና ሳል የምትደብቅ ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ ባል «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ውኃ መቅዳቱንና ልጆች መያዙን ይካፈል። ሥራው የተቀዛቀዘበትም ቢሆን ጭንቀቱን ለባለቤቱ በግልጽ ይንገራት እንጂ ብስጭቱን በመጠጥ ወይም እርሷን በመጉዳት አይወጣው።

ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ሲታይ ግን «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ የሕክምና እርዳታ ጠይቁ። የእነዚህን ምልክቶች መምጣት ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው አጠገብ ያለው የትዳር ጓደኛ ነውና እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ።