ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ብርቱ መኪና አይደለም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




በአዊ ዞን ድንቹና እህሉ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያውም ወደ ቀበሌ የሚገባው በጭነት መኪና ነው። ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ አስፋልቱ ሲያበቃ መንገዱ ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ስለዚህ መኪናው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ጥያቄ የሹፌሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ጉዳይ ነው።

እንደ አይሱዙ ያሉ መኪኖች ጭነታቸውን የሚሸከሙት በባሌስትራ ነው። ጭነት ሲበዛ ባሌስትራው ይተኛል፤ የመኪናው ኋላ ይወርዳል፤ የፊት መብራቱም ሽቅብ እያበራ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። በዚህ ጊዜ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ነው። መኪናው በእርግጥ ይነሣል። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ አክሰሉና ሻንሲው ግን ያው የቀድሞዎቹ ናቸው።

ከዚህም የባሰ አለ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ ይገኛል። ይህ ቫልቭ የጭነቱን መጠን የሚለካው በሻንሲውና በአክሰሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ ቫልቩ እንደገና ካልተስተካከለ፣ የሞላውን መኪና እንደ ባዶ ይቆጥረዋል፤ የኋላ ፍሬኑም ይለዝባል። ቁልቁለት ላይ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

በብዙ ዘመናዊ አውቶቡሶችና ከባድ መኪኖች ላይ በባሌስትራ ፋንታ አየር የሚሞላ ወፍራም የጎማ ባሎን ተገጥሟል። ኮምፕሬሰሩ አየር በታንክ ያጠራቅማል። ጭነት ተጭኖ መኪናው ሲወርድ ከአክሰሉ ጋር የተያያዘ ትንሽ ክንድ ቫልቭ ከፍቶ አየር ወደ ባሎኑ ያስገባል፤ ጭነቱ ሲራገፍም ትርፉን ያስወጣል። በዚህ ምክንያት መኪናው ቢሞላም ባዶ ቢሆንም ከፍታው አይለወጥም። ሆኖም አየሩ የሚጠብቀው ከፍታን ነው እንጂ የተወሰነውን የጭነት ልክ አያሳድግም።

መንገዱም የሚያውቀው ክብደትን ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአስፋልትና በኮንክሪት መንገዶች ላይ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክሰል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን የመንገዱ ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል።

እንግዲህ መኪና ሲገዛም ሆነ ሲከራይ የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል፦

1. ጭነት በኬሻ ቁጥር ሳይሆን በክብደት ይታሰብ። የድንች ኬሻና የከሰል ኬሻ እኩል አይመዝኑም። 5 ቶን የሚጭን መኪና ልኩ 50 ኩንታል ነው።
2. ባሌስትራ የተነካበት መኪና ፍሬኑ ሳይፈተሽ ጭነት አይጫንበት።
3. አየር ያለው መኪና በታንኩ የሚጠራቀመው ውሃ በየጊዜው ይውጣ።
4. በክሪክ ወይም በአየር ባሎን ብቻ ከፍ ብሎ በቆመ መኪና ሥር፣ ጠንካራ መደገፊያ ሳይገባ ሹፌርም ረዳትም አይግባ። አየሩ ከወጣ መኪናው በአንድ ጊዜ ይወርዳልና።

ትርፍ የሚባለው የአባሉ ምርት ገበያ ሲደርስ፣ ሹፌሩና ረዳቱም በሰላም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!